ሦስተኛው መኝታ ቤት

ሙሐመድሳኒ በሩን በጀርባው አዝሎ ገብቶ ከአዲሱ ግድግዳ ጋር ያስደግፈዋል። የበሩ ጫፍ አቧራ ለብሷል፤ አንደኛው ጥግ ላይ ሸረሪት አድርታበታለች።

«ምነው ሙሐመድሳኒ! ቀለም ቀብተን ሳናበቃ አሮጌ በር ታመጣብኛለህ?»

«አሮጌ አይደለም እትዬ አበራሽ» ይላል ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። «ያልተገጠመ ነው።»

ኧረ የአናጢ ምላስ! ግን ለመቆጣት ጊዜ የለኝም። ደላላው ነጋሳ ከሰዓት ገዢ ይዞ ይመጣል። «ባለ ሁለት መኝታ ዛሬ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ሳሎንዎ ሜዳ ነው፤ ይክፈሉትና ባለ ሦስት ይሁን» ያለኝ እሱ ነው። አደራም ብሎኛል፣ ክፍሉ ከጥንት የነበረ ነው እንድል። ባለቤቴ ደምመላሽ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ልጆቹን ይዞ ሄዷል፤ ቤቱን ሸጬ እስክከተላቸው እዚህ ቦሳ አዲስ ሰፈር ብቻዬን ቀርቻለሁ። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ዓይኔ ብሌን የጠበቅኩት ሳሎን በቺፑድ ተከፈለ።

ሙሐመድሳኒ በሩን አንስቶ ክፍተቱ ላይ ያቆመዋል። ልክክ ይላል። አሁን ነው ትዝ የሚለኝ፤ ከትናንት ወዲያ ግድግዳውን ሲጀምር ለበሩ ክፍተት ሜትር ሲዘረጋ አላየሁትም።

እጀታው ደግሞ ያለ ቦታው ነው። ከወገቤ በታች ወርዷል።

«ይሄን ምን ነክቶህ ነው እዚህ ያወረድከው? ለመዋዕለ ሕፃናት ነው እንዴ የሠራኸው?»

ከንፈሩ ላይ የያዛቸውን ምስማሮች አንድ በአንድ ያወጣል።

«ለጋሼ ለይኩን ነው።»

ለይኩን አባቴ ነው። አጋሮ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት ሲመዝንና ጆንያ ሲያነሳ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ቀኝ ትከሻው አብሮት ጡረታ ወጣና ክንዱ ከወገቡ በላይ አልነሳ አለው። ከሞተ ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው።

«በሞቱበት ዓመት ፋሲካን እርስዎ ዘንድ ውለው ሲመለሱ ሱቄ ጎራ አሉ» ይላል ሙሐመድሳኒ። «ሳሎኑን እርስዎ ማድ ቤት ሳሉ በሲባጎ ለክተውታል። ‹ልጄ ከጥጉ ትንሽ ክፍል ትከፍልልኛለች፤ በሩን ከወዲሁ ሥራልኝ፣ እጀታውን ዝቅ አድርገው› አሉኝ።»

«እኔን ሳይጠይቅ?»

«‹ልጄ እምቢ አትለኝም› ነው ያሉኝ፤ አላህ ይዘንላቸው።»

ሶፋው ላይ ቁጭ እላለሁ። ከዚያ ፋሲካ በኋላ አባዬ ተመልሶ የመጣ ቀን የተቀመጠው እዚሁ ላይ ነበር፤ ጨርቁ እንዳይቆሽሽብኝ ከጫፉ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ እንደ ሰፋበት ነገረኝና ወደዚያ ጥግ እያየ «እዚያ ጋ አንዲት አልጋ የምትይዝ ክፍል ብትወጣ?» አለኝ። እኔ ምን አልኩ? «ውይ አባዬ! ሳሎኑ እኮ ተበላሸ ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣ የት ይቀመጣል?» አልኩ። ለመጣው ለሄደው ሁሉ «ቤት የእግዜር ነው» የምለዋ ሴትዮ!

«እውነትሽን ነው» አለ። ሻዩን ጨርሶ በከሰዓቱ መኪና ወደ አጋሮ ተመለሰ። ክረምቱ ሳይወጣ ጎረቤቶቹ በሩን ሰብረው ሞቶ አገኙት። ለቅሶውን እዚህ ተቀመጥን። ሶፋው ወጥቶ፣ ሰው ግድግዳ ለግድግዳ ተደርድሮ፣ ሳሎኔ እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«ያን ቀን ከእርስዎ ቤት ሲመለሱ ዳግመኛ በሱቄ በኩል አለፉ። ‹እምቢ ማለቷን ላንተ ነገርኩ፤ ስለ በሩ ግን እንዳትነግራት፣ ታዝናለች። ሐሳቧን የለወጠች ቀን ወስደህ ትገጥምላታለህ› አሉኝ። የሰው አደራ አይሸጥ፣ አይጣል። ከትናንት ወዲያ እርስዎ ጠርተውኝ ሳሎኑን ክፈልልኝ ሲሉ…» ጎንበስ ብሎ ማጠፊያውን መምታት ይጀምራል።

ሁለት ቀን ነው የፈጀው። ሁለት ቀንና ጥቂት ቺፑድ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይሄ ነው።

ነጋሳ ገዢዋን አስከትሎ ሲደርስ የመጨረሻው ምስማር ገብቶ አልቋል። ወይዘሮ ለጢፋ ትባላለች፤ እዚሁ ከተማ መርካቶ በኩል ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች። ጫማዋን ደጃፍ አውልቃ ትገባና ማድ ቤቱን፣ ሁለቱን መኝታ ቤቶች እያየች መጥታ አዲሱ በር ፊት ትቆማለች።

«ይሄኛው እጀታ ለልጆች ነው?»

ነጋሳ ዓይኑን ያፈጥብኛል።

«ለአባቴ ነው» እላለሁ። «ትከሻው ታሞ እጁ ወደ ላይ አልሄድ ይለው ነበር።»

«ማሻአላህ!» ትላለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ታድለው! የኔ አባት እንዲህ የሚያስብለት ልጅ አጥቶ ነው የሞተው። እኔም አላሰብኩለትም። ስንት ዓመት ተኙበት?»

ሙሐመድሳኒ መዶሻውን ከረጢቱ ውስጥ ሊከት ይዞት ይቆማል። ነጋሳ በአገጩ «ይበሉ እንጂ» ይለኛል። አሥርም ብል፣ ሁለትም ብል፣ ቤቱ ይሸጣል።

እጄን ወደ እጀታው እልካለሁ። ጎንበስ ማለት አለብኝ። በሩ ያለ ድምፅ ይከፈታል፤ ውስጥ ባዶ ወለልና የእንጨት ብናኝ ብቻ ነው ያለው።

«አንድ ቀንም አልተኛበትም» እላታለሁ።