አያ አለበልና ራም የጎደለው ላፕቶፕ

ከጅጋ እስከ ደምበጫ እንደ አያ አለበል ላፕቶፕ ቀርፋፋ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ተከፍቶ እስኪያልቅ ዶሮ ታቅፋ፣ ፈልፍላ፣ ጫጩቶቿን ለወግ ለማዕረግ ታበቃለች።

የላከችላቸው ልጃቸው ወይኒቱ ናት፤ ከቤይሩት፣ በሰው እጅ። የአሠሪዋ ልጅ ሰልችቶት የጣለው ነው። አያ አለበል ዓይናቸው ደክሟል። በስልክ መስታወት ላይ የአንድያ ልጃቸው ፊት የምስር ፍሬ እያከለ አስቸግሯቸው፣ "ሰፌድ የሚያህለውን ፊትሽን ሳላይ አልሞትም" ብለው ስለዛቱባት ላከችላቸው።

ፍኖተ ሰላም ቴዎፍሎስ የሚባል ጠጋኝ አለ፤ የሞተ ሬዲዮ ዘፍኖ እንዲጨፍር የሚያደርግ ሰው ነው እየተባለ ይወራለታል። እሱ ሱቅ ተቀምጠው በላፕቶፑ ተደወለላት። መጣች። እውነትም ሰፌድ የምታህል!

"አባዬ፣ ትሰማኛለህ?" አለችና አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች።

"ምን ሆነችብኝ?" አሉ አያ አለበል ብድግ ብለው።

"እሷማ ምንም አልሆነች" አለ ቴዎፍሎስ። "ራሙ ነው፣ ሁለት ጊጋ ብቻ ነው ያለው።"

"ራም ደግሞ ምንድን ነው?"

"አውድማ በሉት። በእናንተ አውድማ ስንት በሬ ይዞራል?"

"እንደ ስፋቱ ነዋ!"

"ይህ ለአንድ ጥጃም አይበቃም። ስምንት ጊጋ ላስገባለትና እስኪበቃዎት ያዩዋታል።"

በሚቀጥለው ገበያ ራሙ መጣ። ጣት የምታህል ነገር ናት። ቴዎፍሎስ የላፕቶፑን ጀርባ በካቻቪቴ ፈታ፣ የራሟን ጥርስ በላጲስ ፈተግ ፈተግ አደረገ፣ ቀጭ አድርጎ አስገባት። አያ አለበል ምራቃቸውን ሳይውጡ ላፕቶፑ ተከፈተ። መልእክቱ እንደ ሐምሌ በረዶ ይወርድበት ጀመር።

ቴዎፍሎስ ዝቅ ብሎ አነበበ። ክዳኑን ከደነው።

"ምነው?"

"ራሙ... አልተስማማውም። እኔ ዘንድ ይቆይ።"

"አሁን ተከፍቶ አልነበር እንዴ?"

"ሌላ ከባሕር ዳር አስመጣለሁ፣ አያ አለበል።" ዋጋውን ቢዘረጉለት እጁን ሰበሰበ። ዓይኑ መሬት መሬት ያያል።

አያ አለበል የሰው ዓይን ማንበብ ያውቃሉ። ይህ ልጅ አዲሱን ነቅሎ አሮጌውን ሊመልስብኝ ነው አሉ በልባቸው።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው መመላለስ ሆነ። አንዴ መብራት የለም፣ አንዴ መኪና አልገባም። በዚያ ላይ ወይኒቱ በአሮጌው ስልካቸው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መደወሏ ቀረ። ጎረቤቱን ቢጠይቁ፣ "ኔትወርክ የለም" ይሏቸዋል። የቀበሌው ሰው ሁሉ ግን ከዚህ በፊት ሆኖ የማያውቀውን ያህል ደግ ሆነ። ደቦ ሳይጠሩ ጤፋቸው ታረመ፤ አረም ቢጠፋ ጤፉን ራሱን ሊነቅሉት ምንም አልቀራቸው። አያ አለበልም፣ "ሌባ ቢጫወትብኝ አዝነውልኝ ነው" አሉ።

በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀ። ሱቁ ገብተው ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ላይ መነተፉት።

"አያ አለበል፣ በማርያም ይተዉት!"

"ማርያምን ለምስክርነት ትፈልጋታለህ ገና!" ብለው ቡሬ በሚሄደው መኪና ተሳፈሩ።

ቡሬ ላይ ዮርዳኖስ የምትባል ጠጋኝ ፈታችው። "ስምንቱም ጊጋ አለ። እንከን የለበትም" አለች።

"አልተነቀለም?"

"አልተነቀለም። ግን በይለፍ ቃል ተቆልፏል። ማነው የቆለፈው?"

የአያ አለበል ደም ፈላ። "የፍኖተ ሰላሙ ሽፍታ ነዋ! በልጄ ፊት ላይ ቁልፍ አደረገብኝ!"

ዮርዳኖስ ቴዎፍሎስ ዘንድ ልትደውል ወደ ደጅ ወጣች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነው። "ቃሉን ረስቼዋለሁ ይላል" አለች በቀጭን ድምፅ። ላፕቶፑን በጨርቅ ጠቅልላ፣ መናኸሪያ ድረስ ክንዳቸውን ይዛ ሄደች፣ መስኮት ዳር አስቀመጠቻቸው፣ መኪናው እስኪነሣም ቆመች።

"ተመሳጠሩ!" አሉ አያ አለበል መንገዱን ሙሉ። ሹፌሩ ሳይቀር በዚያ ቀን በሌቦች ማኅበር ተመዘገበ።

በቀጥታ የሄዱት የንስሐ አባታቸው ቄስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ነው።

"አባቴ፣ ሽማግሌ ይቀመጥልኝ። ያንን ልጅ አምጡልኝ!"

ቄሱ መቋሚያቸውን ጨበጡ። "ነገ በማለዳ ይዘነው እንመጣለን። ከቤት እንዳትወጣ፣ አለበል። ታላቅ እህትህም ከዱርቤቴ ማታውን ትገባለች።"

"እሷ ደግሞ ለራም ምን አገባት?"

ቄሱ ተነሥተው እስከ በሩ ሸኟቸው።

አያ አለበል ጎህ ሳይቀድ ተነሡ። መደቡን ጠረጉ፣ ለሽማግሌዎቹ አጎዛ አነጠፉ፣ ላፕቶፑን ለማስረጃ መሐል ላይ አስቀመጡ። ክሳቸውን ለበሬዎቻቸው ሁለት ሦስት ጊዜ አሰሙ፤ በሬዎቹም ፈረዱላቸው።

ውሾቹ ጮኹ። ብቅ ቢሉ፣ ዳገቱን የሚወጣው ሦስት ሽማግሌ አይደለም፤ ሕዝብ ነው! እህታቸው፣ ቄሱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ከፊት ደግሞ ቴዎፍሎስ አቀርቅሮ። እንዲህ ፈርቶኛል እንዴ፣ አገሩን ሁሉ አማላጅ አድርጎ የመጣ? አሉና ልባቸው ባንዴ ቅቤ ሆነ። የሸመደዱት ክስ በሙሉ ጠፋባቸው።

"ይቅር ብያለሁ!" ሲሉ ጮኹ ከደጃፋቸው። "ሽምግልናውም ይቅር! የይለፍ ቃሉን ብቻ ንገረኝ ልጄ፣ ወይኒቱ አፏን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነው!"

ሰዎቹ ቀረቡ። በደከመ ዓይናቸው ትኩር ብለው አዩአቸው።

ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር።