አሥራ ሁለተኛው ሰሌዳ

መንደራችን ኡቱዋዶ ውስጥ አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር መብራት መጥፋቱ ቢያንገሸግሸኝ፣ አሥራ ሁለት የሶላር ሰሌዳ በገዛ እጄ የቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ደርድሬ ዛሬ በቀትር ከመንደሩ የመብራት መስመር ጋር አገናኘሁት። ወርጄ መሰላሉን እንደያዝኩ፣ ባለቤቴ ኔሬይዳ በረንዳው ላይ ሆና እያንዳንዱ ሰሌዳ የሚያመነጨውን ኃይል ከስልኳ ታነብልኝ ጀመር።

«ኢንጂነሩ፣ አንደኛው ሰሌዳ ሰነፈብህ። ቆይ፣ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ሁለተኛው ወረደ።»

«ደመና አጥልቶበት ይሆናል።»

«ደመና ተራ በተራ ይረግጣል እንዴ?»

ቀና አልኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጣሪያው ላይ ማንም የለም።

«ዘጠኝ። አሥር። አንተ፣ ወዳንተ እየመጣ ነው።»

«ቀልዱን ተይኝ።»

«አሥራ ሁለት» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ። ከመሰላሉ አናት አጠገብ ያለው ሰሌዳ እሱ ነው። «እሱም ተመለሰ።»

መሰላሉ እጄ ላይ ከበደ። የላይኛው መርገጫ ሲጥ አለ፤ ቀጥሎ ከሱ በታች ያለው።