አንገት ደፍቶ መምረጥ

መምህርቷ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቆም አቅቷታል። የሮቦቲክስ ቡድኑ ዛሬ መሪውን ይመርጣል፤ ዕጩዎቹ ትርሲትና ኪሩቤል ናቸው። ሮቦቱን ከጎማው እስከ ኮዱ የሠራችው ትርሲት ናት። ቢሆንም ከእሷ በቀር ቡድኑ በሙሉ ወንድ ነው፤ አምናም ሴቷን ጸሐፊ አድርገው መሪነቱን ለወንድ ሰጥተዋል።

"አትፍሪያቸው፤ ይገባሻል" አለቻት በር ላይ ይዛት።

"እሺ፣ ቲቸር" አለች ትርሲት፣ ሽቦ ስትበይድ የተቃጠለው አውራ ጣቷ ላይ የጠቀለለችውን ፕላስተር እየነካካች።

እንደ ልማዳቸው ሁሉም ዴስኩ ላይ አንገቱን ደፋ። ማን ማንን እንደመረጠ የምታየው መምህርቷ ብቻ ናት።

"ኪሩቤል ይምራን የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ!"

ማየት ፈርታ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ጠመኔው እጇ ውስጥ ተሰበረ። እንደ ምንም መለስ ስትል፣ የወጣው አንድ እጅ ብቻ ነው። እልል ልትል ምንም አልቀራት። የራሱ የኪሩቤል ይሆናል ብላ ፈገግ አለች።

ኪሩቤል ግን ሁለት እጆቹን ግንባሩ ሥር አድርጎ ነው የተደፋው።

ብቻውን የወጣው እጅ፣ አውራ ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሏል።