ከስክሪኑ ሥር ያለው መጽሐፍ

አንጋፋው ወንበሩን ጎትቶ ከልጅቷ ትከሻ ኋላ ተቀመጠ፤ ስህተት ፍለጋ። የክሊኒኩን የቀጠሮ ፕሮግራም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ብቻውን የጻፈው እሱ ነው። አሁን ደግሞ እሷ፣ ኮድ መጻፍ እጇን ይዞ ያስተማራት ልጅ፣ በሌላ የኮምፒውተር ቋንቋ እንደ አዲስ እየጻፈችው ነው። ሥራውን ማን እንደሚመራ አለቃቸው ዛሬ ከሰዓት ይወስናል።

"አንድ ቋንቋ አልበቃ አለሽ?" አላት። "እኔ በአንዷ ስንት ዓመት ኖርኩ!"

"እንደ ትዳር አደረጓት እኮ ጋሼ!"

ሳቀች። እሱም ጥርሱን አሳየ፤ ከአንገት በላይ። ጣቶቿ እንኳ አስቀኑት፤ ቁልፎቹን ሳታይ ነው የምትመታው።

ድንገት ስክሪኗ ላይ ቀይ መስመር ወጣ። ደስ አለው፤ ምን ይዋሻል!

"እምቢ አለሽ አይደል? የኔዋ እንዲህ አትነጫነጭም።"

"ይቺኛዋ ነዝናዛ ናት። 'ስልክ የሌለው በሽተኛ ቢመጣስ?' ትላለች። ካልመለሱላት ንቅንቅ የለም።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ትናንትም ይህንኑ ስትለኝ የእርስዎን ኮድ ከፍቼ አየሁ። ስልክ የሌለውን ሰው ዝም ብሎ ዘሎት ያልፋል፤ ከቀጠሮ ዝርዝሩ ጭምር።"

አንጋፋው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ "ማሽንህ ሰው ይውጣል" ባለችው ቁጥር፣ "አንቺ ነሽ መመዝገብ የምትረሺው" እያለ ስንት ጊዜ ስቆባታል! ስማቸው ሳይጠራ አግዳሚው ላይ የሚውሉት ሽማግሌዎች ትዝ አሉት።

"ለአለቃ ነገርሽው?"

"ከእርስዎ በፊት? ምን ነካዎት ጋሼ! አብረን አስተካክለን እንነግረዋለን እንጂ።"

ከሁሉ ይልቅ ያበገነው ይሄ ደግነቷ ነው።

አዲሱን ቋንቋ መማር ስትጀምር ማስተማሪያ መጽሐፉን ያውሱኝ ብላው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ራሱ ገዝቶት፣ ስክሪኑን ከፍ እንዲያደርግለት ከሥሩ አስቀምጦታል። "ስክሪኔ ይዘቅጥብኛል" ብሎ ከለከላት።

ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ስክሪኑን በአንድ እጁ አንሥቶ መጽሐፉን መዥረጥ አደረገው። የታሸገበት ፕላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። በጥርሱ ቀደደው።

ስክሪኑ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ለማየት አንገቱን መድፋት ግድ ሆነበት።