የድሮው ፓስወርድ

አለሙ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከሰበታ ቡራዩ ያመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰበታ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል፤ ቡራዩ ውስጥ ማንም አያውቀውም። የጥገና ቤቱን የጠቆመው የሰበታው ቴክኒሻን ቢኒ ነው።

«ወርቅቱ የኮምፒውተር ጥገና» ከሚለው ታፔላ ስር ጎንበስ ብሎ ገባ። ባለቤቱ ዲሪርሳ ብድግ አለለት።

«አካም ቡልተን፣ ጋሼ። ይቀመጡ።»

አለሙ ሰላምታውን ሳይመልስ ወደ ጉዳዩ ገባ። የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ አለው። ኮምፒውተሩ የጸሐፊው የፌኔት ነበር። መሪ ጨብጠው ለማያውቁ ሰዎች የምስክር ወረቀት ሰጥታለች ተብላ ታስራለች፤ ሐሙስ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

«ኢሜሏ ውስጥ እኔ የጻፍኩላት ትእዛዝ አለ» አለ። «ዳኛ እንዲያየው አልፈልግም።»

እንዲህ በግልጽ የሚያወራው ቴክኒሻን ጆሮ ያለው ስለማይመስለው ነው።

ዲሪርሳ ኮምፒውተሩን ሰክቶ አበራው። «ይከፈታል እኮ።»

«ቢኒ ፓስወርዱን ቀይሮልኝ ነዋ። ኢሜሉን ልከፍት ስል ግን ሌላ ሳጥን ይመጣና የድሮውን አምጣ ይላል።»

«ቁልፉ ሁለት ነው፣ ጋሼ። እሷ ራሷ ብትቀይረው ሁለቱም አብረው ይቀየሩ ነበር። ቢኒ በጉልበት የቀየረው የውጪውን ነው። ኮምፒውተሩ ያስቀመጣቸው ፓስወርዶች አሁንም በድሮው እንደተቆለፉ ናቸው። የእናቷን ስም ያውቁታል? ብዙ ሰው እሱን ነው የሚያደርገው።»

አለሙ ሳቀ። «የጸሐፊ እናት ስም ማን ይጠይቃል? ሴትዮዋ ስታጣጥር እንኳ ፈቃድ ከልክያታለሁ። ሳትደርስላት ሞተች። ከዚያ ወዲህ ነው ጥርስ የነከሰችብኝ፤ ያዘዝከኝን ሁሉ እናገራለሁ ብላ የዛተችብኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እዚያው ትበስብስ።»

ዲሪርሳ ብሎን መፍቻውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ካልሆነ ጠቅላላውን ላጥፋው?» አለ።

«ከጠፋ ኢሜሉን ማን ሊከፍተው ይችላል?»

«የኢሜሉን ፓስወርድ በቃሏ ታውቀዋለች?»

«የት አውቃ! ኮምፒውተሩ ነበር የሚሞላላት።»

«እንግዲያው ማንም አይከፍተውም።»

የአለሙ ፊት በራ። ከዚህ ሌላ የሚፈልገው አልነበረም። «ድምጥማጡን አጥፋልኝ። እስክታጠፋው ድረስ ግን ሌላ ሰው እንዳይከፍተው።»

«የድሮውን ከሚያውቅ በቀር አይችልም፣ ጋሼ።»

«እሱን የምታውቀው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ የትም አትሄድ።»

ጠላቱን የቀበረ ሰው ይርበዋል። አለሙ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሥጋ ቤት ገብቶ ግማሽ ኪሎ ጥብስ አዘዘ።

ዲሪርሳ በሩን ከውስጥ ቆለፈና ለቢኒ ደወለ። «አመጣው» አለው።

ከዚያ የድሮውን ፓስወርድ በሚጠይቀው ሳጥን ውስጥ ታፔላው ላይ ያለውን የእናቱን ስም ጻፈ፤ ተከፈተ።