ሰፊው ወንበር

ጥቁር የለበሰችው ሴትዮ ባለ ትልቅ ሞተር ስኩተሯን እየነዳች ማደያው ስትደርስ፣ ነዳጅ ቀጂው አላስችል አለው።

«ማዘር፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለሽ ነው እንዴ የመጣሽው? ደህና ሞተር ሳይክል አትገዢም ነበር?»

«ዳገቱን ከሞተር ሳይክል እኩል ይወጣዋል» አለችው። «ደግሞ ቀሚሴን ሳልሰበስብ እቀመጥበታለሁ።»

ልጇ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ሞተር ሊገዙ የሄዱ ዕለት መሸጫው ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «እማዬ፣ ለእኔ ስኩተሩ ይሻለኛል። ወንበሩ ሰፊ ነው፤ ቀሚስሽን ሳትሰበስቢ ከኋላዬ ትቀመጪና ቤተክርስቲያን አደርስሻለሁ» ብሎ ለምኗት ነበር።

«እሱ የሴት ነው! ወንድ አይደለህም እንዴ?» ብላ ሞተር ሳይክሉን መርጣ የገዛችለት እሷ ናት።