የአንገት ወረርሽኝ

የሰውነትን ሙቀት በቀለም የሚያሳየው የሙቀት ካሜራ ሆስፒታሉ ከገባ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ሁለት ጊዜ አንድ ነገር ተናግሮ ግን አያውቅም። ጠዋት በሽተኛ ያለውን ሰው ከሰዓት ደህና ይለዋል። ኮሚቴው ለካሜራው ባለሙያ አንድ ወር ሰጠው፤ ምስሎቹ ወጥ ካልሆኑ ካሜራው ወደ መጣበት፣ እሱም ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ይመለሳሉ። አሥር ዓመት በዚያ እንፋሎት የታጠነ ሰው ነውና ይህን ከሞት ለይቶ አያየውም።

ኮሚቴው ደንብ አወጣ፤ ደንብ ማውጣት መቼም አይሰለቸውም። ታካሚው ሩብ ሰዓት ተቀምጦ ይረፍ። ትኩስ ነገር አይጠጣ። ክፍሉ ሃያ ሁለት ዲግሪ ላይ ይቁም። በመጨረሻም የባለሙያው ትንፋሽ ክፍሉን እንዳያሞቀው እሱም ካሜራውም ከመስታወት ግድግዳ ጀርባ ይሁኑ ተባለ፤ መስታወት ሙቀት ያሳልፍ እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም።

ሠራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሁሉም ታካሚ ምስል አንድ ዓይነት ሆነ፤ አንገቱ ላይ የምትነድ ቀይ ነጥብ ያለችበት ምስል። የሰባት ዓመቷ ልጅና ወፍራሙ ባለ ሥጋ ቤት አንድ አንገት ይዘው ወጡ። ሰብሳቢው ዶክተር ደስታውን መደበቅ አቃተው። ወጥነት ማለት ይኸው ነው አለ።

አንገቱ የነደደው ሰው መቶ ሲሞላ ግን ድንጋጤ መጣ። የከተማው ውሃ ተመረመረ፤ ጨውም ተመረመረ። ሕዝቡ ለአንገት መድኃኒት ተሰለፈ። ዋናዋ ነርስ «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» እያለች ካርድ ታድላለች።

ባለሙያው ቤቱ ሲገባ የሚያወራው ስለነዚያ ምስኪኖች ብቻ ነው። ሚስቱ ግን የምታየው እሱን ነበር።

«አንተ ራስህ ከስተሃል። ድምፅህም ዘግቷል። ለምን አትታይም?»

«ይኼ ሁሉ በሽተኛ ተሰልፎ፣ እኔ በጤናዬ ወረፋ ልያዝ?»

ወሩ ሞላ። ኮሚቴው ደንቡን በጭብጨባ አጸደቀ፤ ባለሙያውም እዚያው ቦታው ላይ ቋሚ ሆነ። ከደስታው ብዛት እንባው መጣ። በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይቀድመው ገባና፣ ታካሚ ከመጠራቱ በፊት ካሜራውን አበራው።

ከመስታወቱ ማዶ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን ያ አንገቱ የሚነደው ሰው ቁጭ ብሏል፤ ባለሙያው ደንግጦ እጁን ወደ አንገቱ ሲሰድ፣ ያም ሰደደ።